ንጉሥ ነአኩቶ ለአብ ዱባ አልቀመሰም

ዛሬ ረዘም ያለ ጽሑፍ ይዤ ነው የመጣሁት፤ ቡናችሁን ያዙና ተከተሉኝ። ጉዳዩ ዱባ ነው። አዎ፣ ያች በጓሮ አጥር ላይ የምትንጠላጠለው ዱባ። አትሳቁ። በዚች ዱባ ሰበብ ባለፈው ወር ቤታችን ልቅሶ ሊገባ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአባቴ እህት፣ እኛ ሁላችን «እትዬ» የምንላት፣ የስኳር በሽታ ካለባት አሥር ዓመት አልፏታል። ክኒኗን ጠዋትና ማታ የምትውጥ፣ ቀጠሮዋን የማታጓድል ሴት ናት። ታዲያ አንድ የሰፈር ልጅ በስልኩ ቪዲዮ ያሳያታል። በቪዲዮው ላይ የሚናገረው ሰው ከጀርባው የነአኩቶ ለአብን ገዳም ፎቶ ለጥፎ፣ «ከነአኩቶ ለአብ ዘመን ጀምሮ የላስታ ነገሥታትና ባሕታውያን ሲመገቡት የኖሩት ዱባ ስኳርን ከሥሩ ይነቅላል፤ ክኒን የፈረንጅ ነው፣ ዱባ ግን የአባቶቻችን ነው» ይላል። እትዬ የጻድቁ ወዳጅ ናት። ጉልበቷ እስካለ ድረስ ጠበሉን በእግሯ ወርዳ ነው የምትጠጣው። የጻድቁ ስም ከተጠራማ ምን ትጠራጠራለች? ክኒኑን ሳጥን ውስጥ ከተተችና ዱባውን ትቀቅል ጀመር።

ሦስት ሳምንት እንኳ አልሞላትም። አንድ ሌሊት ልጆቿ ተሸክመው ሆስፒታል አደረሷት። አሁን እግዚአብሔር ይመስገን ተርፋለች፣ ቤቷ ገብታለች። ልጠይቃት ስሄድ ግን አልጋዋ ላይ ቀና ብላ እንዲህ አለችኝ፦ «አንተ የታሪክ አስተማሪ አይደለህ? እስቲ ንገረኝ። ጻድቁ ዱባ በልቷል ወይስ አልበላም?»

ሠላሳ ዓመት ሳስተምር እንዲህ ያለ ጥሩ ጥያቄ የጠየቀኝ ተማሪ የለም። «እትዬ፣ ጽፌ አነብልሻለሁ» ብዬ ወጣሁ። እንግዲህ ይኸው።

መልሱ አጭር ነው፤ አልበላም። ሊበላም አይችልም ነበር። ለምን እንደማይችል ግን ረጅም ታሪክ ነው፤ ደግሞም ደስ የሚል ታሪክ ነው።

በዋሻው ውስጥ የነበረው ቅል ነው

ገዳሙን የማታውቁት ካላችሁ፣ ከላሊበላ ከተማ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ብሎ በገደል ሥር ያለ ዋሻ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ እንደ ከተማዎቹ ውቅሮች ከአለት የተፈለፈለ ሳይሆን፣ በተፈጥሮ ዋሻ ውስጥ በድንጋይ የታነጸ ነው። ከዋሻው ጣሪያ በጋ ከክረምት ውሃ ይንጠባጠባል፤ ከሥር በተቀመጡት የድንጋይ ገንዳዎች ይጠራቀምና ጠበል ሆኖ ለሕመምተኛ ይሰጣል። ገንዳዎቹ በዘመን ብዛት ተቦርቡረዋል። ንጉሥ ነአኩቶ ለአብ የቅዱስ ላሊበላ የወንድም ልጅ ነው፤ የነገሠውም በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። የዛጉዌ ዘመን ያበቃው፣ ይኩኖ አምላክም የነገሠው በፈረንጆቹ 1270 እንደሆነ ክፍል ውስጥ መቶ ጊዜ ነግሬያችኋለሁ። ይቺን ቁጥር ያዙልኝ፤ ትንሽ ቆይተን እንመለስባታለን።

በዚያ ዘመን ከዋሻው ውሃ የሚቀዳው በምን ነበር ብትሉኝ፣ እጄ ላይ መረጃ ባይኖርም አንድ ነገር በድፍረት እናገራለሁ፤ ቅል በአገሩ ነበር። ቅል አፍሪካዊ ተክል ነው። የዱር ዘሩ እስከ ዛሬ በዚምባብዌ ምድር ይገኛል። አያቶቻችን በቅል ወተት አልበውበታል፣ ቅቤ ንጠውበታል፣ ለሁለት ሰንጥቀው አንኮላ አድርገው ጠላና ውሃ ጠጥተውበታል፣ ዘር አስቀምጠውበታል። ሸክላና ብረት የሌለው ደኻ እንኳ ቅል አያጣም ነበር።

ቅል በመጻሕፍትም አለ። በየዓመቱ በጾመ ነነዌ የምንሰማውን የዮናስን ታሪክ አስታውሱ። ነቢዩ በፀሐይ ሲቃጠል አምላክ በራሱ ላይ ጥላ እንድትሆነው ያበቀለለት ተክል በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ቅል» ነው። የወሎ ሙስሊም ወንድሞቼም ይህንኑ ታሪክ ያውቁታል፤ በቁርኣን ለነቢዩ ዩኑስ የበቀለችው ተክል «የቅጢን» ትባላለች፣ የቅል ወገን ናት ይላሉ ዓሊሞቹ። ነቢዩ ሙሐመድ «ዱባእ» የተባለውን ምግብ ይወዱ እንደነበርም አገልጋያቸው አነስ ኢብን ማሊክ ካስተላለፉት ሐዲስ ይታወቃል። ልብ በሉ፤ «ዱባእ» በዓረብኛ ነው። የእኛ «ዱባ» ከዚያ ስም ጋር አንድ ነው። ግን በዚያ ዘመን ዓረቦች «ዱባእ» የሚሉት ዛሬ እኛ ዱባ የምንለውን ቢጫ ሥጋ ያለውን አይደለም፤ ሲለጋ የሚበላውን ቅል ነው።

ለምን ብትሉ፣ እውነተኛው ዱባ በዚያን ጊዜ ገና ከውቅያኖስ ማዶ ነበር።

ከሌላ ዋሻ የመጣ እንግዳ

ዱባ የአሜሪካ ልጅ ነው። በሜክሲኮ፣ ዋሃካ በተባለው አገር፣ ጊላ ናኪትዝ የሚባል ዋሻ አለ። የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ከዚያ ዋሻ አፈር ውስጥ ያወጡት የዱባ ፍሬ ዕድሜው 10 ሺህ ዓመት ገደማ ነው። ፍሬው ከዱር ዱባ ፍሬ ይተልቃል፤ ሰው መርጦ እየዘራ ያሳደገው ነው ማለት ነው። የዚያ አገር ሰዎች በቆሎና ቦሎቄ ሳያለምዱ በፊት ዱባ አልምደዋል። መጀመሪያ የፈለጉትም ሥጋውን አልነበረም ይባላል፤ የዱር ዱባ ሥጋው እንደ ኮሶ የመረረ ነው። የፈለጉት ፍሬውን ነበር። ይህንን አስታውሱ፤ የዱባ መድኃኒትነትም ያለው ፍሬው ላይ ነው።

ከዚህም የሚገርም አለ። በዚያው በአሜሪካ ምድር በጥንት ዘመን ቅልም ነበር። አፍሪካዊው ቅል አትላንቲክን ማን አሻገረው? ሊቃውንት ብዙ ተከራክረውበታል። በ2014 (በፈረንጆቹ) የወጣ የዘር ጥናት የአሜሪካ ጥንታዊ ቅሎች የአፍሪካ ቅሎች ዘመዶች መሆናቸውን አሳየ፤ ደረቅ ቅል በባሕር ላይ ለወራት ሲንሳፈፍ ቆይቶ ፍሬው አይሞትምና፣ ማዕበሉ ራሱ ወስዶ አድርሶታል የሚል ነው መደምደሚያው። መርከብ የለ፣ ነጋዴ የለ፣ ቅላችን ብቻውን ውቅያኖስ ተሻገረ!

ዱባ ግን መርከብ ጠበቀ። ኮሎምበስ አሜሪካ የደረሰው በ1492 ነው። ከዚያ በፊት በዚህኛው የዓለም ክፍል ዱባ አልነበረም። አሁን ያቺን 1270 አምጡልኝና ቀንሱ፦ 222 ዓመት። የዛጉዌ ዘመን ካበቃ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ በኋላ ማለት ነው። ስለዚህ ቅዱስ ላሊበላም፣ ነአኩቶ ለአብም፣ ይኩኖ አምላክም ዱባ አላዩም። ልክ በርበሬ እንዳላዩት፣ በቆሎ እንዳላዩት፣ ድንችም እንዳላዩት። ቃሪያውና በርበሬው፣ በቆሎው፣ ድንቹ፣ ቲማቲሙ፣ ሁሉም ከዚያው ከአሜሪካ የመጡ እንግዶች ናቸው። ድንችማ ትናንት ነው የመጣው፤ ጀርመናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሺምፐር በ1858 (በፈረንጆቹ) እንዳስገባው ይነገራል። የላስታ ነገሥታት ወጥ ቀይ አልነበረም ብላችሁ ብትከራከሩ ትረታላችሁ።

ዱባ እኛ ዘንድ ሲደርስ የራሱን ስም ይዞ አልመጣም፤ የቅልን የዓረብኛ ስም ተከናንቦ መጣ። ስሙ የመጣበትን አቅጣጫ ይጠቁማል፤ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ፣ በነጋዴና በሐጅ መንገድ። ለዚህ ነው «ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል» የሚለው ተረታችን እኔን የሚያስደንቀኝ። ተረቱን የተናገረው ሰው የአሜሪካን ካርታ አላየም፤ ዝም ብሎ ጓሮውን አይቶ ነው። ሁለቱ በሐረግ ይመሳሰላሉ፣ በቅጠል ይመሳሰላሉ፣ ባንድ አጥር ላይ ይጠመጠማሉ፤ አበቃቀላቸው ግን የተለያየ ነው። አንዱ የአፍሪካ፣ አንዱ የአሜሪካ! ጓሮው እውነቱን ነግሮታል።

ዱባ ከኮሶ ጋር እንዴት ተዛመደ?

«ታዲያ እንግዳ ከሆነ መድኃኒትነቱ ውሸት ነው?» ትሉ ይሆናል። አይደለም! ታሪኩ የሚጥመው እዚህ ላይ ነው።

አገራችን ጥሬ ሥጋ የሚበላባት አገር ናት። ጥሬ ሥጋ ባለበት ደግሞ የኮሶ ትል አለ። ለዚህ ትል አባቶቻችን ከየደጋውና ከየቆላው የመድኃኒት ጭፍራ አሰልፈዋል፦ ኮሶ አለ፣ እንቆቆ አለ፣ መተሬ አለ፣ ብሳና አለ። አውራው ኮሶ ነው። ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ እስከ ደጋው ድረስ የኮሶ ዛፍ የቆመበትን ስፍራ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ የሴቴዋ ቀይ አበባ ተለቅሞ፣ ደርቆ፣ ተፈጭቶ በውሃ ወይም በጠላ በጥብጦ መጠጣት ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አገራችን ቆይቶ ሲመለስ የኮሶን ሥዕል በመጽሐፉ አወጣ፤ ዛፏንም በወዳጁ በዕፅዋት ሊቁ በጆሴፍ ባንክስ ስም ሊጠራት ሞከረ። በኋላ ኢስታንቡል ይሠራ የነበረ ብራዬር የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም የኮሶን ኃይል አይቶ ለአውሮፓ ሐኪሞች አስተዋወቀ። በ1864 (በፈረንጆቹ) በወጣው የብሪታንያ የመድኃኒት መዝገብ ውስጥ የእኛ ኮሶ ስሟ ተጽፏል። ነፍሱን ይማርና ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ስለዚህ የሕክምና ታሪካችን ብዙ ጽፎልናል።

ግን ኮሶ ክቡር መድኃኒት ብቻ አልነበረም፤ ጭንቅም ነበር። የሚጠጣው ሰው ቤቱን ዘግቶ፣ እንግዳ ሳይቀበል፣ ሆዱን ይዞ ይውላል። ከልኩ ካለፈ ይገድላል፤ የዓይን ብርሃን የነሳበትንም አጋጣሚ ሐኪሞች መዝግበዋል፤ ለነፍሰ ጡር ደግሞ ጨርሶ የማይሞከር ነው። ሽያጩም ቢሆን የድኻ ሥራ ነበር። አፄ ቴዎድሮስን ጠላቶቹ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ይሰድቡት እንደነበር ታስታውሳላችሁ። «ያንን የኮሶ ሻጭ ልጅ ይዤ አመጣዋለሁ» ብሎ የፎከረው ደጃዝማች ወንድይራድ ተማርኮ ሲቀርብ፣ ካሳ ኮሶ አስቀርቦ እንዳጠጣው ይተረካል። ከዚህ በላይ መራራ ፍርድ ከየት ይመጣል?

እንግዲህ እንግዳው ዱባ የገባው በዚህ መካከል ነው። ሴቶቻችን ፍሬውን ሞከሩት። ያለ ኮሶ ጭንቀት፣ ያለ ምሬት ትሉን የሚያስወጣ ፍሬ በጓሯቸው እንዳለ አወቁ። እኔ ልጅ ሆኜ አንድ ፋሲካ ማግሥት ትሉ ይዞኝ ነበር። አባቴ ኮሶ ሲጠጣ አይቼ አውቃለሁና «ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልጠጣም» ብዬ አልጋ ሥር ገባሁ። እናቴ ሳቀች። በጥላ ያደረቀችውን የዱባ ፍሬ ልጣ፣ በሙቀጫ ወቅጣ፣ በማር ለውሳ ጠዋት በባዶ ሆዴ አበላችኝ። ጣፋጭ ነበር፤ ጨምሪልኝ ብያታለሁ። ከረፋዱ ላይ የሚያስቀምጥ ነገር ሰጠችኝ። የቀረውን ታሪክ ምሳ እየበላ የሚያነብ ሰው ስለሚኖር ልተወው፤ ግን ሠርቷል።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ትምህርቷን ከእናቷ፣ እናቷም ከእናቷ። ሆኖም በዚያው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአሜሪካ ሐኪሞችም ከምድሩ ነባር ሕዝቦች ተምረው ይህንኑ ያደርጉ ነበር። የዱባ ፍሬ ከ1863 እስከ 1936 (በፈረንጆቹ) በአሜሪካ ይፋዊ የመድኃኒት መዝገብ ውስጥ የትል መድኃኒት ሆኖ ተመዝግቧል። ያኔ ኮሶም በመዝገባቸው ነበረች። የላስታ ኮሶና የሜክሲኮ ዱባ፣ አንድ ትል ለማስወጣት ባንድ መጽሐፍ ውስጥ ተገናኙ።

ሳይንሱ ምን ይላል? በፍሬው ውስጥ ኩከርቢቲን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ይህ ነገር ትሉን አይገድለውም፤ ያፈዝዘዋል። ትሉ አንጀት ላይ የሙጥኝ ብሎ የያዘበትን ጭንቅላቱን ይለቃል። ለዚህ ነው እናቴ ከረፋዱ ላይ የሚያስቀምጥ ነገር የጨመረችው፤ የፈዘዘው ትል ነቅቶ መልሶ ሳይጣበቅ ተጠርጎ እንዲወጣ። በምዕራብ ቻይና፣ በሲቹዋን፣ ተመራማሪዎች ለኮሶ ትል ሕመምተኞች የዱባ ፍሬ አብልተው፣ ቀጥሎ የአሬካ ለውዝ ጭማቂ ሰጥተው አብዛኞቹ ትሉን እንዳስወጡ ጽፈዋል። ያው የእናቴ አካሄድ ነው፤ መጀመሪያ አፍዝዝ፣ ከዚያ ጥረግ።

ነገር ግን ልጆቼ፣ ይህን አንብባችሁ ነገ ሙቀጫ እንዳታነሱ። ዛሬ ፕራዚኳንቴልና ኒክሎሳማይድ የሚባሉ መድኃኒቶች አሉ፤ መጠናቸው የታወቀ፣ ውጤታቸውም የተረጋገጠ ነው። ጭንቅላቱ ያልወጣ ትል መልሶ ያድጋል። እናቴ ያደረገችው ጤና ጣቢያ በሌለበት ዘመን ነው። ጤና ጣቢያ ቢኖር ኖሮ እጄን ይዛ እሱ ጋ ትወስደኝ ነበር፤ አውቃታለሁ።

ስለ ዱባ እውነት የሆነው

እትዬ ስትሰማ እንዳትቀየመኝ፣ ዱባን ላጣጥል አይደለም የተነሳሁት። እውነት የሆነውን ልዘርዝርላችሁ።

የዱባ ሥጋ ከ100 ግራም ውስጥ ከ90 ግራም በላዩ ውሃ ነው፤ ሆድ ይሞላል፣ አያወፍርም። ያ ደማቅ ቢጫ ቀለሙ ቤታ ካሮቲን ነው፤ ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ ይለውጠዋል። ቫይታሚን ኤ ያነሰው ልጅ መጀመሪያ የሚይዘው ዳፍንት ነው፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ግድግዳ እየዳሰሰ ይሄዳል። እየባሰ ሲሄድ ዓይን ያጠፋል፣ በኩፍኝና በተቅማጥ የመሞት አደጋውንም ያበዛል። መንግሥት ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ላሉ ሕፃናት በዓመት ሁለት ጊዜ የቫይታሚን ኤ ጠብታ የሚሰጠው ለዚሁ ነው። ዱባ ጠብታውን አይተካም፤ ግን በየቀኑ ሳህን ላይ ያለ ረዳት ነው። አንድ ነገር ጨምሩበት፦ ቤታ ካሮቲን ያለ ቅባት በደንብ አይዋሃድም። ስለዚህ የጾሙን ዱባ ወጥ በኑግ ዘይት ቁሌት መሥራት ባልትና ብቻ አይደለም፤ ለሕፃኑም በዘይት የታሸ ዱባ ከደረቅ ቅቅል ይሻለዋል።

ፍሬውም ምግብ ነው። ከ100 ግራም የደረቀ ፍሬ ውስጥ 30 ግራም ያህሉ ፕሮቲን ነው፤ ዚንክና ማግኒዚየም ሞልቶበታል። ወጥ ሲሠራ ፍሬውን ለዶሮ የምትደፉ ካላችሁ ዶሮዎቹ ከናንተ በልጠው እየበሉ ነው። ቆልታችሁ ብሉት። ሽማግሌ ወንዶች ሌሊት ሌሊት ለሽንት ሲመላለሱ የዱባ ፍሬ እንደሚረዳ በአውሮፓ ከድሮ ጀምሮ ይነገራል፤ የአውሮፓ የመድኃኒት ተቋምም በባህላዊ አጠቃቀም ደረጃ ተቀብሎታል። ግን እሱም ቢሆን ሐኪም አይቶ ሌላ ክፉ ነገር እንደሌለ ካረጋገጠ በኋላ ነው።

ሌላም የማይረሳ ነገር አለ። ዱባ ከነእጀታው ተቆርጦ፣ ልጡ ሳይቆስል ደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ለወራት ይቆያል። በጥቅምት ተለቅሞ፣ የጻድቁ በዓል በኅዳር መጀመሪያ ሲከበር በየቤቱ ቆጥ ላይ ተደርድሮ ይገኛል። ላስታ የ1966ቱንም የ1977ቱንም ረሃብ ያየች አገር ናት። አክርማ ለመሸጥ እንኳ ጉልበት ባልነበረበት ጊዜ ጓሮ የበቀለች አንዲት ዱባ ስንት ልጅ እንዳሳደረች ያየ ያውቃል። በእኔ ግምት ዱባ ለላስታ የሰጠው ትልቁ መድኃኒት ይህ ነው፤ የረሃብ ማሳለፊያ መሆኑ።

ገበያ ላይ ዙኩኒ የምትሉት አረንጓዴውም ቢሆን ባዕድ አይምሰላችሁ፤ ሳይበስል የተቆረጠ የዱባ ወገን ነው።

እውነት ያልሆነው

አሁን ወደ እትዬ ጥያቄ እንመለስ። ዱባ የስኳር በሽታን ይነቅላል? አይነቅልም። በአይጥ ላይ የተሠሩ፣ ተስፋ የሚሰጡ ጥናቶች አሉ። ግን አይጥና እትዬ አበቃቀላቸው ለየቅል ነው። በሰው ላይ ክኒንን ወይም ኢንሱሊንን የሚተካ መሆኑን ያረጋገጠ ጥናት የለም። እንዲያውም ቅቅል ዱባ ራሱ ጣፋጭ ነው፤ ስኳር አለበት። የስኳር ሕመምተኛ በልክ ቢበላው አይጎዳውም፤ መድኃኒቱን ትቶ ሦስት ሳምንት ቢበላው ግን የሚሆነውን አይተናል።

ሌላ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ዱባም ሆነ ቅል ቀምሳችሁ ከመረረ ትፉት። ምሬቱ መርዝ ነው፤ በምጣድ እሳትም አይጠፋም። በመጽሐፈ ነገሥት የነቢዩ የኤልሳዕ ደቀ መዛሙርት የበረሃ ቅል ሰብስበው ወጥ ሲሠሩ «በምንቸቱ ውስጥ ሞት አለ» ብለው የጮኹት በከንቱ አይደለም።

«የአባቶቻችን ነው፣ የፈረንጅ ነው» የሚለውን ክርክርም እንየው። ያ የቪዲዮ ሰውዬ ዱባን «የአባቶቻችን» ክኒንን «የፈረንጅ» ብሎ ለያየ። በታሪክ ሚዛን ሲመዘን ግን ዱባውም ቢሆን ከአሜሪካ የመጣ ነው! ኮሶ ደግሞ ወደ ፈረንጅ አገር ሄዳ በመዝገባቸው ገብታለች። መድኃኒት ከየት መጣ ተብሎ አይመዘንም፤ ይሠራል ወይስ አይሠራም ተብሎ ነው። እናቶቻችን ይህንን ያውቁ ነበር። እንግዳው ዱባ ሲመጣ «የኛ አይደለም» ብለው አልጣሉትም፣ «የነገሥታት ነው» ብለውም አልዋሹለትም። ሞከሩት፣ የሚሠራውን ያዙ፣ የማይሠራውን ተዉ። ሳይንስ ማለት ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ጠበሉም ቢሆን እንዲሁ ነው። የሚንጠባጠበው ውሃ ከክኒን ጋር አይጣላም። አቡነ ጳውሎስ በ2007 (በፈረንጆቹ) የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ ተናግረው ነበር። እትዬም ክኒኗን በጠበል ብትውጠው ማን ይከለክላታል?

የመጨረሻዋ ነገር

ባለፈው እሑድ ይህንን ጽሑፍ ይዤ ወደ ገዳሙ ወረድኩ። በር ላይ አንድ የቀድሞ ተማሪዬን አገኘሁት፤ አስጎብኚ ሆኗል። ለእንግዶቹ ስለ ንጉሡ የጾም ምግብ ሲተርክ «ዱባ» ሲል ሰማሁት። ጎትቼ ወደ ጥግ ወሰድኩት። «አንተ፣ ይኼን ከየት አመጣኸው?» አልኩት። «ቲቸር፣ እኔ ምን ላድርግ፣ ፌስቡክ ላይ አየሁት፤ እንግዶቹም ደስ ይላቸዋል እኮ» አለኝ። ተቀመጥንና 1270ን ከ1492 ቀነስን። ሲገባው ፈገግ አለ። «ታዲያ ምን ልበላቸው?» ሲለኝ፣ «ውሃውን በምን ይቀዳ እንደነበር ጠይቃቸው፤ ከዚያ ስለ ቅል ንገራቸው። ቅል በአገሩ ድንጋይ ይሰብራል የሚለውንም ጨምርላቸው፤ ድንጋይ በተሰበረበት አገር ይህን ተረት የማይወድ እንግዳ የለም» አልኩት።

ማታ ለእትዬ አነበብኩላት። ዓይኗን ጨፍና ሰማችኝ። የኮሎምበሱ ጋ ስደርስ «እኔ ነኝ እንግዲህ ለእንግዳ ስል የሞትኩት» ብላ ሳቀች። ጨርሼ ዝም ስል ክኒኗን ከሳጥኑ አውጥታ ውሃ አስቀዳችና ዋጠች። ከዚያ ምን ብትል ጥሩ ነው? «ዱባ ወጥ ሠርተውልሃል፣ ሳትበላ እንዳትሄድ።»

በላሁ። ጣፋጭ ነበር።

አሁን ደግሞ የቤት ሥራ፤ ማምለጥ የለም። እናታችሁ ወይም አያታችሁ በሕይወት ካሉ፣ ዱባንና ቅልን ለምን ለምን ይጠቀሙ እንደነበር ጠይቋቸውና ከታች ጻፉልኝ። ኮሶ የጠጣ ሰው ካላችሁም ታሪኩን አምጡ። በአጠገባችሁ መድኃኒቱን ትቶ በቪዲዮ የሚታከም ሰው ካለ ደግሞ ይህንን አንብቡለት። ማንበብ ካልቻለ ቁጭ ብላችሁ አንብቡለት፤ እኔ ለእትዬ እንዳነበብኩላት።

ደኅና ሁኑልኝ።